ጌጁ የመሰከረላት መምህር

አንድ ወጣት ነበረ። ከጎንደር ተነስቶ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጨደ፤ ከሰላ ሻይ ቤት ውስጥ ሠራ፤ በመጨረሻም ፖርት ሱዳን ደርሶ ጠላቂዎችን ወደ ቀይ ባሕር በምታወጣ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። ይህ የሆነው የቅርቡ የሱዳን ጦርነት ከመነሳቱ በፊት ነው። ሥራው ከአየር ሲሊንደሮቹ ጋር ነበር። ጠላቂዎቹ ከመውረዳቸው በፊት በኮምፕሬሰር ይሞላላቸዋል፤ ሲወጡ ከጀርባቸው ተቀብሎ ይደረድራል።

ጀልባዋ ከወደቡ ወጣ ብሎ ባለው ዊንጌት ሪፍ ላይ ደጋግማ ትቆማለች። እዚያ ኡምብርያ የምትባል የጣሊያን ጭነት መርከብ ሰጥማለች። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነት ባወጀችበት ዕለት የብሪታንያ ባሕር ኃይል መርከቧን አቁሞ ወታደሮች አስገብቶባት ነበር። ካፒቴኑ ሎሬንዞ ሙዬዛን የጦርነቱን ዜና ከሬዲዮ ሰማ። ጭነቱ በጠላት እጅ እንዳይወድቅ ብሎ መርከቧን ውኃ እንዲሞላት አዘዘ፤ ሰዎቹንም በነፍስ አድን ጀልባዎች አወረደ። ኡምብርያ በግራ ጎኗ ተኝታ ቀረች። በሆዷ ሲሚንቶ፣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ ፊያት መኪኖችና ከ300,000 በላይ የአውሮፕላን ቦምቦች አሉ። ቦምቦቹ ጣሊያን ምሥራቅ አፍሪቃ ብላ ወደምትጠራው ግዛቷ የሚጓዙ ነበሩ።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። የአያቱ አባት በበጌምድር ዱር የገቡ አርበኛ ነበሩ። «እነዚያ ቦምቦች ምጽዋ ደርሰው ቢሆን ኖሮ በማን ላይ ይወርዱ ነበር?» እያለ ያስባል። በዓይኑ ሊያያቸው ቆረጠ። የመጀመሪያ ደረጃውን የጠላቂነት ትምህርት ተምሯል፤ ሪፉን ዞሮ ያውቀዋል፤ የመርከቧንም ጎን ከውጭ ዳስሷል። ወደ ሆዷ መግባት ግን ሌላ ትምህርት፣ ሌላም መምህር እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከደመወዙ እየቆጠበ መምህር መፈለግ ጀመረ።

በዚያ ወቅት በጀልባዋ የሚመላለሱ ሁለት መምህራን ነበሩ። አንደኛው ሁሉም የሚወደው ጎልማሳ ነው። ኡምብርያን ክፍል በክፍል ያውቃታል። ተማሪዎቹን ኩሽናውን፣ የሞተር ክፍሉን፣ መኪኖቹን፣ ቦምቦቹንም በአንድ ጥለቃ ያሳያቸዋል። እየሳቁ ይወጣሉ፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው ያመሰግኑታል። ለወጣቱም ደግ ነው። «ሁለት ቀን ይበቃሃል፤ ግማሹን ክፈለኝ፤ የምስክር ወረቀትህን እሰጥሃለሁ» አለው።

ሁለተኛዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቃሏ ጥቂት የሆነ ሴት ናት። ተማሪዎቿ ከመጥለቃቸው በፊት ወደቡ ላይ ዓይናቸውን በጨርቅ ታስረው ገመድ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። የወደቡ ሠራተኞች ይስቁባቸዋል። አንዳንዱ ሳምንቱን ሙሉ ከእሷ ጋር ቆይቶ ወደ መርከቧ ሆድ ሳይገባ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ወጣቱ ግራ ገባው። የጀልባዋ አዛዥ ራይሱ ዘንድ ሄደ። ራይሱ በወደቡ ላይ ያረጁ የቤጃ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ከሁለቱ ማንኛው ይሻለኛል?»

«እኔ ራሴን ውኃ ውስጥ ነክሬ አላውቅም» አሉ ራይሱ። «እታች የሚያደርጉትን አላይም። አንተ ግን ሲወጡ ምን ታደርጋለህ?»

«ሲሊንደራቸውን እቀበላለሁ።»

«እንግዲያው ስትቀበል የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅ እይ። እነሱ የሚሉትን ተወው። ቀስቱ የት እንደቆመ እያየህ ያዝና በኋላ ንገረኝ።»

ወጣቱ እንደታዘዘው አደረገ። ሁሉም ሲወርዱ ቀስቱ 200 ባር ላይ ነው። የጎልማሳው ተማሪዎች ሲወጡ 40፣ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴም 20 ያሳያል። የሴትዮዋ ተማሪዎች ሲወጡ ግን ከ70 በታች አይወርድም፤ 80 የሚሆንበትም 90 የሚሆንበትም ቀን አለ። አንድ ቀን 140 ሆኖ አገኘው። ሰውዬው ገና ከመውረዱ ነበር የወጣው።

«ተማሪው ታመመ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልታመመም። በሩ ላይ ስንደርስ ባትሪው ብልጭ ድርግም አለ። ተመለስን።»

«ሌሎች ሁለት ባትሪዎች አስረውለት የለም?»

«አስሬለታለሁ። ሁለቱ ለመውጫ ናቸው። በእነሱ አይገባም።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጎልማሳው ከአንድ ተማሪ ጋር ዘግይቶ ወጣ። ተማሪው ጭንብሉን ከማውለቁ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ጨለማ ሆነ፤ እሱ እጄን ይዞ አወጣኝ!» እያለ ይጮኻል። ወጣቱ ሲሊንደሩን ተቀበለ። ቀስቱ ዜሮን ነክቷል። የመምህሩንም ሲሊንደር ተቀበለ፤ ከዚያ ብዙ አይሻልም። ቀና ብሎ ጎልማሳውን ሲያየው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የልብሱን ዚፕ መክፈት አቅቶታል። ተማሪው ይስቃል፤ መምህሩ ዝም ብሏል። በማግሥቱ ጎልማሳው ሌሎች ተማሪዎችን ይዞ በዚያው በር ገባ።

ወጣቱ ያየውን ሁሉ ለራይሱ ነገራቸው።

«ሁሉም በሰላም ወጥተዋል?» አሉ።

«ሁሉም ወጥተዋል፤ አንድም የተጎዳ የለም።»

«ታዲያ በሁለቱ መካከል ምን ልዩነት አገኘህ?»

ወጣቱ አሰበ። መልስ አጣ።

«ሲሊንደሩ ውስጥ የተረፈው አየር ለምን ይመስልሃል?» አሉ ራይሱ። «ሳይፈለግ የተረፈ አይደለም። ላልመጣ ክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። ሴትዮዋ ለእያንዳንዱ ተማሪ ክፉ ቀኑን አስቀምጣለት ትገባለች። ያኛው ወንድማችን መልካም ሰው ነው፤ ለሰው ማብላት ይወዳል። ለክፉ ቀን የተቀመጠውን ጭምር አውጥቶ ያበላቸዋል። እነሱም ስለጠገቡ ይመርቁታል።»

ወጣቱ ያኑ ዕለት ሴትዮዋ ዘንድ ሄደ። «መምህር፣ ያስተምሩኝ» አላት።

ወዲያው እሺ አላለችውም። መጀመሪያ አሸዋማ ቦታ ላይ ይዛው ወርዳ ወለሉን ሳይነካ፣ እጁን ሳያወራጭ፣ በአንድ ቦታ እንዲንሳፈፍ አደረገችው። አልቻለም። እስኪችል ድረስ ሌላ ነገር አላስተማረችውም። ከዚያ እግሩን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን እየከፈተ እንዲገፋ አስለመደችው፤ ወደ ታች የተመታ ውኃ የዘመናት ደለልና ዝገት አስነስቶ መብራትን ከንቱ ያደርጋል። ከዚያ ወደቡ ላይ ገመድ ሰጠችው። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ከበሩ ውጭ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ እንዲያስር፣ ሁለተኛውን በሩን እንዳለፈ እንዲደግመው፣ ገመዱ እንዳይላላና የሹል ብረት ስለት እንዳይነካ አድርጎ እንዲዘረጋው፣ ሲመለስም በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ክብ ሠርቶ ሳይጎትተው እንዲከተለው አሳየችው። ዓይኑን አሰረችው። ገመዱን አስጣለችውና ፈልጎ እንዲያገኘው አደረገችው። አየር ያለቀበት ጓደኛውን ከራሱ ሲሊንደር እያስተነፈሰ በጨለማ እንዲወጣ አለማመደችው። የወደቡ ሰዎች ሳቁ። ወጣቱ ሳቃቸውን ሰማ፤ ገመዱን ግን አልለቀቀም።

በመጨረሻ ቀኑ ደረሰ። ከመውረዳቸው በፊት አንድ ነገር ነገረችው፦ «ከሁለታችን ማናችንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ በማንኛውም ምክንያት ‘እንውጣ’ ማለት እንችላለን። የተባለው ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም።»

ወረዱ። ወጣቱ ከበሩ ውጭ ቋጠረ፤ በሩን አልፎ ደገመ፤ ገመዱን እየዘረጋ ገባ። ድንጋይ የሆኑት የሲሚንቶ ከረጢቶች በጎኑ አለፉ። መርከቧ በጎኗ ስለተኛች ግድግዳው ወለል፣ ወለሉ ግድግዳ ሆኗል። ባትሪውን ወደ ፊት ሲያበራ ከሩቅ የተደረደሩ ክብ ነገሮች አየ። ቦምቦቹ ናቸው። ጥቂት ገፋ ቢያደርግ ይደርስባቸዋል። ልቡ ደለቀች፤ ትንፋሹ ፈጠነ። ያኔ ጌጁን አየ። 135።

ሲሶው አልቋል። ተደስቶ ስለነበር ከልምምዱ ቀን ፈጥኖ ጨርሶታል። ወደ መምህሩ ዞረ። ታየዋለች፤ ምንም ምልክት አልሰጠችውም። ወደ ቦምቦቹ ዞረ። እንደገና ጌጁን አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። ምልክቱን ሳይጨርስ መምህሩ ገመዱን ይዛ ወደ በሩ ዞራ ነበር።

ጀልባዋ ላይ ሲወጡ ራይሱ ራሳቸው መጥተው ሲሊንደሩን ተቀበሉ። 75። ምንም ሳይናገሩ ከሌሎቹ ጋር ደረደሩት።

«ትምህርትህን ጨርሰሃል» አለችው መምህሩ።

«ቦምቦቹን እኮ በቅርብ አላየሁም!»

«ከዚያ ጦርነት ጀምሮ እዚያው ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም አሉ። እኔ የምጠብቀው ያለ እኔ ምልክት የምትመለስበትን ቀን ነበር።»

በሚቀጥለው ሳምንት ገብቶ አያቸው። ሳይነካቸው ወጣ።

ምሳሌው ይህ ነው። ፍቺው ረጅም አይደለም።

በሰመጠ መርከብ ውስጥ የሚያስገባ መምህር የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ከዚያ መምህር ጋር ገብተው የወጡትን ነው። የወጡት ሁሉ ደስ ብሏቸው ይመሰክሩለታል። ነገር ግን በሰላም መውጣት የመምህሩን መልካምነት አያስረዳም። ምንም ካልተበላሸ ከክፉ መምህር ጋር የገባም ይወጣል፤ ከምን እንደዳነ ስለማያውቅም ከሁሉ አብልጦ ያመሰግናል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ይህን ነው። መምህሩ የሚለየው አንድ ነገር በሚበላሽበት ቀን ነው፤ በዚያን ቀን ደግሞ መምህር መምረጥ አይቻልም። ስለዚህ መበላሸቱን አስቀድሞ ከሚያለማምድና መጠባበቂያውን ከማይነካ ሰው ጋር መጀመር ግድ ነው።

ወጣቱን የመለሰው የሲሶው ሕግ ከዋሻ ጠላቂዎች የመጣ ነው። አንድ ሲሶ አየር ለመግቢያ፣ አንድ ሲሶ ለመውጫ፣ ሦስተኛው ለእንከን። በ200 ባር የገባ ሰው ወደ 135 ሲወርድ ይመለሳል ማለት ነው። አሜሪካዊው የዋሻ ጠላቂ ሼክ ኤክስሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መመሪያ በዋሻ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ መርምሮ ነበር። ደጋግሞ ያገኘው እስከ ውጭ ድረስ ያልተቋረጠ ገመድ አለመዘርጋትን፣ ለመውጫ በቂ አየር አለማስቀረትንና ከአቅም በላይ መጥለቅን ነው። በኋላ የሥልጠና ማነስና የመብራት እጥረት ተጨመሩበት። መርከብም እንደ ዋሻ ጣሪያ አለው፤ የተቸገረ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። ከዚያ በላይ የሚበጣጠስ ብረት፣ የሚንጠለጠል ሽቦና ከጣሪያው የሚራገፍ ዝገት አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከኒው ኢንግላንድ ጠረፍ ወዲያ በሰመጠችው አንድሪያ ዶሪያ ላይ ከደርዘን በላይ ጠላቂዎች ሞተዋል። መርከቧ የተኛችው 70 ሜትር አልፎ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ነው። ልምድ ብቻውን አያድንም።

ወረቀቱም መለኪያ አይሆንም። ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት በሚሰጠው የመርከብ ስብርባሪ ኮርስ ጠላቂው አራት ጊዜ ይጠልቃል፤ ወደ ውስጥ መግባት ለመጨረሻው ጥለቃ የተተወ ነው፤ ያውም ከመግቢያው የሚመጣው ብርሃን ሳይጠፋ፣ ከውኃው ገጽ የተወረደውና ወደ ውስጥ የተገባው ርቀት ተደምሮ ከ40 ሜትር ሳያልፍ። ይህ መልካም ጅማሬ ነው፤ ጅማሬ መሆኑን የሚናገር መምህር ካገኘ። ከዚያ አልፎ መተላለፊያ ለመተላለፊያ መግባት የቴክኒክ ጠላቂዎችን ሥልጠና ይጠይቃል። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ከጀርባው ያለው ትምህርት እንደ መምህሩ ይለያያል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ለዚህም ይሠራል።

የአብነት ተማሪ ኮሮጆውን ይዞ ከደብር ደብር የሚዞረው መምህር ለመምረጥ ነው። የድጓ ተማሪ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዶ ካልተመሰከረለት በቅቻለሁ አይልም፤ መምህሩም ያልበቃውን ተማሪ ለማስደሰት ብሎ አያስመሰክርም። የመርከብ ጠላቂም እንዲህ ያለውን እምቢታ መፈለግ አለበት። ገንዘብ ተቀብሎ፣ አስተምሮ፣ «ገና ነህ» ብሎ የሚመልስ መምህር ከዚያ ቃል ምንም አያተርፍም፤ ስለዚህ ቃሉ ይታመናል።

በዔይላትም ሆነ በሁርጋዳ፣ በዱባይም ሆነ በፍሎሪዳ ይህን ትምህርት የምትፈልጉ ወገኖች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይዞ ይገባል? ገመዱን በየብስ ላይ ዓይን አስሮ ያለማምዳል? ተማሪዎቹ ምን ያህል አየር ይዘው ይወጣሉ? ለመጨረሻ ጊዜ ከበር ላይ የተመለሰው መቼ ነው፤ በምን ምክንያት? ወረቀት የከለከለው ተማሪ አለ? ሳትከፍሉ አንድ ቀን ጀልባው ላይ ተቀምጣችሁ ሥራውን እንድታዩ ይፈቅዳል? መልካም መምህር በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም፤ ሳትጨርሱ ይመልሳል፤ እሱም ስለ እናንተ ይጠይቃል። «እኔ ተመልሼ አላውቅም» የሚላችሁን አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

እስክታገኙም ድረስ መርከቡን ከውጭ እዩት። ኮራሉ፣ ዓሣው፣ የመርከቡ ግዝፈትና ታሪኩ ከውጭም ይታያል። የሚያስገባችሁ ሰው በየወደቡ አለ፤ ፈልጋችሁ ልትጠብቁት የሚገባው የሚመልሳችሁን ነው።